ከፍየል ጥበቃ እስከ ነጋሪት፦ በዋግና በአበርገሌ ልጆች አለቅነትን የተማሩበት ጎዳና

በዋግ ካለችው ከሰቆጣ ደጋ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚወርድ መንገደኛ፥ ነፋሻማውን አምባ እየተወ ወደ ተከዜ ሸለቆ በቀረበ ቍጥር አየሩ ሲሞቅ፥ የስንዴውና የገብሱ ማሳ ለማሽላ ስፍራውን ሲለቅ፥ በግራርና በቍጥቋጦ መካከል የሚሰማራው የፍየል መንጋ ሲበዛ ያያል፤ ይህ አገር አበርገሌ ነው። በአገሩ ስም የምትጠራው የአበርገሌ ፍየል በብዙ ክፍለ አገር የታወቀች ናት፤ በትሩን በትከሻው አጋድሞ ከኋላዋ የሚከተላት ልጅ ግን የታሪክ ጸሓፊዎች ስሙን ሳያነሡ ያለፉት ሹም ነው። ሹም ያልሁትም በእውነት ነው፤ ገና ሰባትና ስምንት ዓመት ሲሆነው የቤቱ ሀብት በእጁ ታምኖ ይሰጠዋል፥ ሲመሽም በበረቱ ደጃፍ ቆሞ ስለ እያንዳንዷ ነፍስ ይጠየቃልና።

በዚህ ጽሑፍ ልናገረው የምሻው፥ የዋግና የአበርገሌ አባቶችና እናቶች ለልጆቻቸው አለቅነትን ያስተማሩበትን ልማድ ነው። በዘመናችን የመሪነት ጠባይ ለሕፃናት ይሰጥ ዘንድ በየከተማው ሥልጠና ሲከፈት፥ መጻሕፍትም ሲታተሙ ስናይ ደስ ይለናል፤ ነገር ግን ትምህርቱ ትናንት ከባሕር ማዶ የመጣ ይመስል፥ አያቶቻችን ስለዚሁ ጉዳይ ያሰቡትንና የሠሩትን ሳንጠይቅ ማለፋችን ያሳዝነኛል። ዋግ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ምድር ነው፤ አንድ የግዛት ማዕረግ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ እንደ ዋግ ገዢዎች ማዕረግ እንደ ዋግሹምነት ብዙ ምእት ዓመት የቈየበት አገር በኢትዮጵያ ጥቂት ነው።

ትውፊቱ እንደሚተርከው፥ የዛጔ ነገሥታት ዘመን ተፈጽሞ በ1262 ዓ.ም. ገደማ ይኵኖ አምላክ መንግሥቱን በያዘ ጊዜ፥ ከዛጔ ዘር የቀሩት መሳፍንት ዋግን ርስት አድርገው ይገዙ ዘንድ ኪዳን ተደረገ፤ ዋግሹሙም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥና ነጋሪት የማስመታት ክብር ተጠበቀለት። የኪዳኑ አነጋገር ከተራኪ ወደ ተራኪ ቢለያይም ማዕረጉ እስከ ሃያኛው ምእት ዓመት መዝለቁ የታወቀ ነው። የአገሩ ሰው ኽምራ ይባላል፤ ልሳኑ ኽምጣናም ከአገው ልሳናት አንዱ ነው። ሰቆጣ የአሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ ወጥቶ ወደ መሀል አገር የሚያልፍባት ገበያ ስለ ነበረች፥ ነጋዴውም፥ ካህኑም፥ ባለጋሻውም በአንድ አደባባይ ይገናኙባት ነበር። በአጠገቧም ከአለት የተፈለፈለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። እንግዲህ በዚህ አገር የተወለደ ልጅ ዓይኑን በገለጠ ጊዜ ሦስት ዓይነት ሹም ያይ ነበር፤ በደም የሚወርሰውን ዋግሹም፥ በትምህርቱ የሚከበረውን የደብር አለቃ፥ በዕድሜውና በርትዕ ፍርዱ የተነሣ ሰው ሁሉ ጠቡን ይዞ የሚመጣለትን የአገር ሽማግሌ። የመጀመሪያው ያዝዛል፥ ሁለተኛው ያስተምራል፥ ሦስተኛው ያስታርቃል፤ ሦስቱም አለቅነት እንደ ሆኑና አንዱ የሌላውን ሥራ ሊሠራ እንደማይችል ልጁ ማንም ሳይነግረው ይረዳ ነበር።

የመኳንንት ልጅ ወደ ሹመት የሚሄድበት መንገድ በመላው የኢትዮጵያ ደጋ ተቀራራቢ ነበር። በሕፃንነቱ ከካህን ዘንድ ፊደል ቈጥሮ ዳዊት ይደግማል፤ ቀጥሎ ፈረስ መጋለብና ጕግስ፥ ጦር መወርወርና ዒላማ መምታት ይለማመዳል፤ ሰንጠረዥና ገበጣ ይጫወታል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ትምህርቱ ግን አገልግሎት ነበር። እንግዳ በመጣ ቀን ልጁ ከታላላቆቹ ጋራ ለማዕድ አይቀመጥም፤ ወይም የእጅ ውኃ ያስታጥባል፥ ወይም ከሩቅ መንገድ የመጣውን እግር ያጥባል፥ ወይም ራት እስኪበላ ድረስ መብራት ይዞ ይቆማል። መብራት ይዞ የሚቆም ልጅ እጁ ቢዝልም ጆሮው ሥራ አይፈታም፤ ታላላቆቹ ሲመክሩ ይሰማል፥ ማን ነገር እንዳበዛ፥ ማን በትዕግሥት ቈይቶ በመጨረሻ ፍሬ ነገሩን እንደ ተናገረ ያያል፤ የሰማውን በውጭ ቢያወራ ስለሚቀጣም ምሥጢር መጠበቅን ከንግግር አስቀድሞ ይለምዳል። ከፍ ሲልም ብዙ ጊዜ ለበላይ መኰንን ወይም ለንጉሥ ቤት ይሰጣል፤ በአባቱ ግቢ ሁሉ እጅ የሚነሣው ልጅ፥ በሰው ግቢ እርሱ እጅ እየነሣ እንዲያድግ ነው። እኔ ከዚህ ልማድ የበለጠ ጥበብ የተሞላበት የመሳፍንት ትምህርት አላውቅም፤ የሚታዘዝ ሰው ልቡ ምን እንደሚያስብ በራሱ ጀርባ ያልተማረ ገዢ፥ በኋላ ከማንም መጽሐፍ ሊያገኘው አይችልምና።

የአገራችን ታሪክ ለዚህ ምስክር አያጣም። የሸዋው ልጅ ምኒልክ ከ1848 እስከ 1857 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ሆኖ በማደጉ፥ ግዞቱ ግዞት መሆኑ ሳይቀር፥ የታላቅ ንጉሥን ብርታትና ድካም በቅርብ አይቶ ወጣ። ተፈሪ መኰንንም በ13 ዓመቱ ደጃዝማች ቢባልም፥ አባቱ ልዑል ራስ መኰንን ካረፉ በኋላ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ሥርዐት እንዲያጠና ወደ አዲስ አበባ ተጠራ። በአንጻሩ ልጅ ኢያሱ በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽነቱ ሲታወጅ ገና ሕፃን ነበረ፤ ሞግዚቱ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ የሚቈጣው ታላቅ ሰው ሳይኖር ሥልጣኑ ብቻውን ቀረለት፥ በመስከረምም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረደ። ስለ ልጅ ኢያሱ ብዙ የተጻፈ ክስ አለ፤ በእኔ ፍርድ ግን ከክሶቹ ሁሉ አስቀድሞ ሊነገርለት የሚገባው፥ ትእዛዝ መስጠት ከመጀመሩ በፊት ትእዛዝ የመቀበያ ዕድሜ የተነፈገ ልጅ መሆኑ ነው።

ከመኳንንቱ ቤት ይልቅ በሰፊው የተከፈተው ትምህርት ቤት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ልጁ ፊደልና ንባብ ጨርሶ ወደ ዳዊት ሲገባ፥ ሙሉ መጽሐፉ የእረኛና የንጉሥ ቃል መሆኑን ይገነዘባል፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ያለው መዝሙረ ዳዊት 151 መዝሙር ስላለው፥ የመጨረሻው ዳዊት ከወንድሞቹ ሁሉ ታናሽ ሆኖ የአባቱን በጎች ይጠብቅ እንደ ነበረና ከዚያ ተጠርቶ እንደ ተቀባ የሚተርክበት ነው። በአበርገሌ ቆላ ጠዋት ፍየል አሰማርቶ ማታ ከመምህሩ ዘንድ ለሚቀመጥ ልጅ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ ስለ ራሱ የተጻፈ ይመስለዋል። የሰሎሞን መጽሐፍም በእኛ ዘንድ ምሳሌና ተግሣጽ ተብሎ በሁለት ይከፈላል፤ በተግሣጽ ፍጻሜ ላይ አንዲት እናት ንጉሥ ልጇን ከስካር እንዲርቅ፥ አፍ ለሌለውም አፍ ሆኖ ለድኻ እንዲፈርድ ትመክረዋለች። ንጉሥን የምትገሥጽ እናት በቅዱስ መጽሐፍ መገኘቷ፥ ምክር ለመስጠት ሹመት እንደማያስፈልግ ለልጆች ከሁሉ የበለጠ ምስክር ነበረ። በመጽሐፈ ነገሥትም የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም የሽማግሎችን የለሰለሰ ምክር ትቶ የአብሮ አደጎቹን ሸካራ ቃል ስለ ሰማ ዐሥሩ ነገድ እንደ ከዱት ይነበባል፤ ስለ ጨካኝና ስለ ገር አገዛዝ ልዩነት ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ማግኘት ያዳግታል። ከዚህ ለዘለቀ ተማሪም ፍትሐ ነገሥት በ44ኛው አንቀጹ የንጉሥን ግዴታ ይዘረዝርለታል፤ በዐሥራ ስድስተኛው ምእት ዓመት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋም የጥንት ጠቢባን ለነገሥታት የሰጡትን ምክር ያቀርብለታል። መቄዶንያዊው እስክንድር ከአርስጣጣሊስ እግር ሥር መማሩን የእኛ ሊቃውንት የሰሙት የአውሮፓ መጽሐፍ ወደ አገራችን ከመግባቱ እጅግ አስቀድመው ነው።

ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ ከተነበበው ይልቅ የተደረገው ይበልጥ ያስተምር ነበር። መምህሩ አንድ፥ ደቀ መዛሙርቱ ብዙ ስለ ሆኑ፥ ቀደም ብሎ የገባው ልጅ ኋላ ለመጣው ያስቀጽላል፤ ዳዊት የሚደግመው ፊደል ለሚቈጥረው፥ ዜማ የሚያጠናው ዳዊት ለሚደግመው መምህር ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ጉባኤ ውስጥ ከጀማሪው በቀር መምህር ያልሆነ፥ ከመምህሩም በቀር ተማሪ ያልሆነ አልነበረም። ያስቀጸለው ልጅ ታናሹ ቢሳሳት ነቀፋው ለእርሱም ይደርሰዋል፤ አለቅነቱ ስለ ሌላው ድካም መጠየቅን ይዞለት ይመጣ ነበር።

አሁን ወደ ፍየሎቹ ልመለስ፤ የልቤ ሐሳብ ያለው በዚያ ነውና። የመሳፍንት ግቢ ለጥቂቶች፥ የመምህር ጉባኤም ወንድ ልጁን ወደ ቤተ ክርስቲያን ለላከ ሰው ሲሆን፥ እረኝነት ግን የሁሉ ልጅ ትምህርት ቤት ነበር። የአንድ መንደር ልጆች መንጋቸውን በአንድነት ሲያሰማሩ ሥራው በሥርዐት ካልተከፋፈለ አይቃናም፤ በቆላ ደግሞ ገደሉ፥ ጅቡና ነብሩ፥ ውኃ ፍለጋ ወደ ተከዜ የሚወስደው ረጅም መንገድ ስሕተትን አይምርም። ስለዚህ እረኞች ከመካከላቸው አለቃ ነበራቸው። አለቃው ማን የት እንደሚያሰማራ ያዝዛል፥ የባዘነውን ለመመለስ ተራ ያወጣል፥ ስንቅ ያስቀላቅላል፥ የተጣሉትን ዳኝቶ ያስታርቃል። በማሽላ ወራት ደግሞ ልጆች በማማ ላይ ሆነው በወንጭፍ ወፉንና ዝንጀሮውን ይከላከላሉ፤ በዚያም አንዱ ቢያንቀላፋ የሁሉ እህል ይጠፋል።

የእረኞች አለቃ በምን ይመረጣል? አብዛኛውን ጊዜ በትግል ያሸነፈው ወይም በዕድሜ የላቀው ቦታውን ይይዝ ነበር፤ ይህን ሳልሸሽግ መናገር ይገባኛል። ነገር ግን በጉልበት የተገኘው አለቅነት በጉልበት ብቻ አይጸናም። ሁልጊዜ ታናናሾቹን ብቻ ወደ ገደሉ የሚልክ፥ ራሱ ግን ከጥላው የማይነሣ አለቃ፥ አንድ ቀን መንጋው ተበታትኖበት ሲጮኽ የሚደርስለት ያጣል፤ ልጆቹም መንጋቸውን ነጥለው ወደ ሌላ መስክ ይነዳሉ። ሮብዓምን የከዱት ነገዶች ያደረጉትን የእረኛ ልጆች መጽሐፉን ሳያነቡ ያደርጉት ነበር። በአንጻሩ የባዘነችውን ግልገል ፍለጋ ራሱ አስቀድሞ የሚወርድ፥ ከስንቁም ላጣው የሚያካፍል አለቃ ዱላ ማንሣት አያስፈልገውም። የበላዮች አመራር ዓይነት ብዙ ነው እየተባለ ዛሬ በሥልጠና አዳራሽ የሚተነተነው ሁሉ፥ አስገዳጁም፥ አማካሪውም፥ ቸልተኛውም፥ በአንድ የክረምት ወራት በአንድ መስክ ላይ በእውነተኛ መልኩ ይታይ ነበር፤ ልጁም የሁሉን ፍጻሜ በራሱ መንጋ ላይ ያይ ነበር።

መንጋው አዝመራ የገባ እንደ ሆነ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይከተላል። ባለማሳው ይጮኻል፥ ሽማግሎች ወጥተው የተበላውን ይገምታሉ፥ እረኛውም ቀርቦ እንዴት እንደ ሆነ ይጠየቃል። ልጁ በአባቱ ፊት፥ በባለጋራው ፊት፥ በሽማግሎች ፊት ቆሞ የሆነውን እንደ ሆነው የሚናገርበት ይህ ሰዓት የመጀመሪያው አደባባይ ነው። ከዚያ በፊት ሌሎች ሲሟገቱ ብዙ ጊዜ አይቷል፤ በቀድሞው ሥርዐት ተጣልተው መንገድ ላይ የቆሙ ሰዎች የሚያልፈውን ታላቅ ሰው ዳኛ ያደርጉ ነበርና፥ ክርክሩም በዛፍ ጥላ ሥር በግልጽ ይሰማ ነበርና፥ ልጆች ከብት እየጠበቁ ተጠየቁን፥ ዋሱን፥ ምስክሩን፥ የአነጋገሩን ስልት ያጠኑ ነበር፤ በጨዋታቸውም ዳኛና ባለጋራ ተሠይመው ያስመስሉት ነበር። በሕግ አምላክ የሚለው ቃልም ሕፃን ቢናገረው እንኳ ጎልማሳን በቆመበት የሚያስቆም እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። ሕግ ከተናጋሪው ጉልበት በላይ መሆኑን ለልጅ ለማስተማር ከዚህ የሚሻል ምን ይገኛል?

ጨዋታውም ቢሆን ከትምህርቱ የተለየ አልነበረም። በገና ጨዋታ ሁለቱ የቡድን አለቆች ሰው ሲካፈሉ፥ በጉልበት የሚተካከሉ ሁለት ሁለት ልጆች ራቅ ብለው የምሥጢር ስም አውጥተው ይመጣሉ፥ አለቃውም ማን ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ስሙን ብቻ ይመርጣል፤ እንዲህ በማድረግ ለአለቃው አድልዎ መንገድ ይዘጋበታል። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው ቢመታ አይቈጣም፤ በዓመት አንድ ጊዜ የማዕረግ ቀንበር መውለቁ ለጌታውም ለሎሌውም መልካም ነበር። ማታ በእሳት ዳር በሚደረገው እንቆቅልህ ደግሞ መልሱን ያጣ ልጅ አገር ስጠኝ ይባላል፤ ጎንደርን፥ ላስታን፥ ተምቤንን እየጠራ ይሰጣል፥ ጠያቂውም አልበቃኝም እያለ ይመርጣል። አገር የሚሰጠው ለዐዋቂ እንደ ሆነ፥ የሚታጣውም ባለማወቅ እንደ ሆነ ልጆች እየሣቁ ይቀበሉት ነበር፤ አገር ያገኘውም ልጅ ወዲያው መልሱን የመግለጥ ዕዳ አለበት፥ ዕውቀቱን ይዞ ሊቀር አይችልም።

ታላላቆቹም እነዚህን ልጆች ይሰሙ ነበር። በቀድሞ ዘመን ነገሥታትና መኳንንት እረኛ ምን አለ ብለው ያስጠይቁ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ይህን ልማድ ብዙዎች ከንግር ጋራ ብቻ አያይዘው ይተርኩታል፤ እኔ ግን ከዚያ የጠለቀ ፖለቲካዊ ጥበብ አይበታለሁ። ጎልማሳው በፍርሃት የዋጠውን፥ ሎሌው በይሉኝታ የሸፈነውን፥ ሜዳ ላይ ያለ ልጅ በዘፈኑ ያወጣዋል፤ ቅጣት እንደማይደርስበትም ያውቃል። ልጅ ቃሉ ወደ ግቢ እንደሚደርስ የሚያውቅበት አገር ልጁን በግልጽ መናገር እያስተማረ ያሳድገዋል።

ስለ ሴቶች ልጆች ስናገር የታሪክ መጻሕፍት ዝምታ ያሳዝነኛል፤ ዋግ ግን በዚህ ረገድ ከብዙ አገር የሚሻል ቅርስ አላት። የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት በነሐሴ 16 ቀን የሚጀምረው ሻደይ የልጃገረዶች በዓል ነው። በስሙ የሚጠራውን ለምለም ቅጠል በወገባቸው አሥረው፥ ጠጕራቸውን ተሠርተው፥ ከበሮ ይዘው፥ አስቀድመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ቀጥሎ ወደ ታላላቆችና ወደ ሽማግሎች ቤት፥ ከዚያም በየደጃፉ እየዘፈኑ ይዞራሉ። በላስታ አሸንድዬ፥ በራያ ቆቦ ሶለል፥ በትግራይ አሸንዳ የሚባሉት በዓላት እኅቶቹ ናቸው። በእነዚያ ቀኖች እናት በሴት ልጇ ላይ ያላትን ትእዛዝ ታነሣለች፥ ወንድሞችም ከዳር ሆነው ይጠብቋቸዋል እንጂ አያዝዟቸውም። ልጃገረዶቹ በየዕድሜያቸው ተቧድነው ግጥም የምታወጣውን፥ ከበሮ የምትመታውን፥ የተሰጠውን የምትይዘውን ራሳቸው ይለያሉ፤ የት ቤት አስቀድመው እንደሚገቡ፥ ያገኙትንም ለምን እንደሚያውሉት ራሳቸው ይመክራሉ። ቸሩን ያመሰግናሉ፥ ንፉጉንም በግጥም ይነካሉ፤ ሰውየው ባለማዕረግ ቢሆንም በዚያ ቀን ሊቈጣ አይገባውም። ዓመቱን ሁሉ ዝም እንድትል የታዘዘች ልጅ በአደባባይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ባልንጀሮቿን ስትመራ ማየት፥ ሌላውን ጊዜ ምን ያህል ተሰጥኦ ሲባክን እንደሚኖር ይገልጣል። ዛሬ በዓሉ በሰቆጣ በብዙ እንግዶች ፊት ይከበራል፤ በመድረክ ላይ የሚታየው ውበት ግን በመንደር የነበረውን ምክርና አስተዳደር እንዳይውጠው እሰጋለሁ፤ ልጃገረዶቹ በተጻፈላቸው መርሐ ግብር የሚወጡና የሚገቡ ከሆኑ፥ ልብሱ ይቀራል እንጂ ትምህርቱ ይጠፋል።

ይህን ሁሉ ስናገር የቀድሞው ዘመን ነውር አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። የመሳፍንት ግቢ ለባላባት ልጅ ብቻ የተከፈተ ነበር፤ የሸማኔውና የቀጥቃጩ፥ የባሪያውም ልጅ የቱንም ያህል ልባም ቢሆን ወደ ነጋሪቱ አይቀርብም ነበር። በእረኝነትም ታናናሾች ያለ ምክንያት ይደበደቡ ነበር፤ ብዙ ልጅም በመንጋው ምክንያት ከፊደል ተለይቶ አድጓል። ደግሞም ያ ትምህርት ድፍረትን፥ ትዕግሥትን፥ ርትዕን ቢሰጥም፥ የዘመንን መለወጥ ማስተዋልን አብዝቶ አልሰጠም።

ለዚህ የመጨረሻው ነገር ምስክሩ ከዋግ የወጣው ንጉሥ ራሱ ነው። ዋግሹም ጎበዜ አባቱ ዋግሹም ገብረ መድኅን በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ከተሰቀለ በኋላ ሸፍቶ ኀይሉን አበረታ፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዞች እጅ ሲወድቅም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ። በቀድሞው ሥርዐት ለነገሠ ሰው የሚፈለገው ሁሉ ነበረው፤ ዘር፥ ጀግንነት፥ ብዙ ሠራዊት። ነገር ግን እኅታቸውን ወይዘሮ ድንቅነሽ ምርጫን አግብቶ ሳለ ከተፋለማቸው ከደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጋራ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አቅራቢያ ሲገናኝ፥ የካሣ ጦር በቍጥር ያነሰ ቢሆንም እንግሊዞች ትተውለት በሄዱት መሣሪያና ኪርካም በሚባል እንግሊዛዊ ልምምድ የተደራጀ ነበርና ተክለ ጊዮርጊስ ድል ሆነ፥ ተማረከም፤ ካሣም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። ተክለ ጊዮርጊስ በመቅደላ የሆነውን የሰማ ንጉሥ ነበር፤ ካሣ ግን ከሰማው ትምህርት ወሰደ።

ነገር ግን ያ አስተዳደግ ሰው ያፈራ እንደ ነበረ የሚያረጋግጡ ሌሎች ስሞች አሉ። ዋግሹም ጓንጉል በየካቲት 1888 ዓ.ም. የዋግን ጦር ይዘው በዐድዋ ተሰልፈዋል። በፋሽስት ወረራ ዘመን ደግሞ የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በአርበኝነት ጠላትን ሲወጉ ቈይተው በመስከረም 1930 ዓ.ም. ወደቁ፤ ጠላትም ራሳቸውን ቈርጦ ሕዝቡን ለማስፈራት በገበያ አሳየው። ደጃዝማች ኃይሉ ለጠላት ገብተው ማዕረጋቸውን ለማስጠበቅ መንገድ የጠፋባቸው ሰው አልነበሩም፤ ያን ጊዜ ያን መንገድ የመረጡ ብዙ ነበሩ። እርሳቸው ግን ስለ ሕዝባቸው የሚጠየቁ መሆናቸውን አልዘነጉም። የዋግ ሽማግሎች ስለ እርሳቸው ሲያወሩ ስለ ብር ወንበሩ ሳያነሡ ስለ መጨረሻው ውጊያ ብቻ መናገራቸው የሚገባ ነው።

የ1966ቱ አብዮት ከመጣ፥ የገጠር መሬት ዐዋጅም በየካቲት 1967 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የዋግሹምነት ዘመን ተዘጋ። በእኩልነት የሚያምን ሰው በዚህ ሊያዝን አይገባውም። ከነጋሪቱ ጋራ ግን መብራት ይዞ የሚቆመው ልጅ ትምህርትም አብሮ ተዘጋ፤ የሚተካውን ማንም አላሰበበትም። ትምህርት ቤት ወደ ቆላው እየደረሰ በመጣ ጊዜ ልጆች ከመንጋው ወደ ክፍል ገቡ፤ ይህ ታላቅ በረከት ነው። የተከዜ ግድብ በ2001 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ ደግሞ 188 ሜትር ከፍታ ካለው ግንብ በስተ ኋላ የተኛው ውኃ ለአበርገሌ ወጣት ዓሣ ማሥገርን የመሰለ አዲስ ሥራ አመጣለት። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነትና ተከትሎት የመጣው መከራ ግን ብዙ የአበርገሌ ቤተ ሰብ ከቀዬው እንዲፈናቀል አደረገ፤ በሰቆጣ በመጠለያ የከረሙት ሕፃናት ከመንጋውም ከክፍሉም በአንድ ጊዜ ተለዩ።

ወደ ቀዬአቸው ለሚመለሱትና በየክፍላቸው ለሚቀመጡት ልጆች ዛሬ የክፍል አለቃ አለ፥ የተማሪዎች ፓርላማም ይቋቋማል፤ የሥነ ዜጋ ትምህርትም ስለ መልካም መሪ ጠባይ ይዘረዝራል። ይሁን እንጂ የክፍል አለቃ ብዙ ጊዜ የሚሰየመው በመምህሩ ነው፤ ሥራውም የሚያወራውን ተማሪ ስም ጽፎ ማቅረብ ሆኖ ይቀራል፤ ስለ ደካማው ጓደኛው ውጤት ግን ማንም አይጠይቀውም። ይህ ልጅ ከእረኛው አለቃ ያነሰ ትምህርት እየተማረ ነው፤ ሰውን መክሰስ እንጂ ሰውን ይዞ መመለስ አልታዘዘምና። መምህራኑ የክፍል አለቅነትን በተራ ለወንዱም ለሴቲቱም ቢሰጡ፥ አለቃ የሆነውም ልጅ እንደ ድሮው ጉባኤ ለታናሹ የሚያስቀጽል ቢሆን፥ በወሩ መጨረሻም በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ስለ ሥራው ቢጠየቅ፥ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው።

ከዚህ ጋራ ሌላ የሚያስቸኵል ሥራ አለ። ከ1967 ዓ.ም. በፊት ልጆች የነበሩ፥ በእረኝነት ያደጉ፥ ሻደይን በመንደር የጨፈሩ፥ የመኳንንቱን ግቢ በዓይናቸው ያዩ አረጋውያንና እናቶች ዛሬም በሰቆጣ፥ በዝቋላ፥ በደሃና፥ በአበርገሌም በኒሯቅና በአካባቢዋ ይገኛሉ። ኽምጣና አሁን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣልና፥ መምህራኑ ከፍ ያሉትን ተማሪዎች ወደ እነዚህ ሰዎች ልከው የእረኛን ሕግ፥ የገና ጨዋታን ሥርዐት፥ የአዝመራ ካሣን አገማመት፥ የሻደይን አመራር በኽምጣናና በአማርኛ እንዲጽፉ ቢያዝዙ፥ ደብተሮቹም በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጡ፥ የሚቀጥለው የታሪክ ጸሓፊ እኔ በጥቅሉ የነገርሁትን በየመንደሩ ለይቶ ሊጽፈው ይችላል።